የእህል ጉድጓዱ ጥሩምባዎች

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.
ከደብረ ወርቅ ገጠር

ይድረስ በሱዳን አገር በገዳሪፍ ለተቀመጠው ልጄ ለመምህር እንዳላማው ፈንታ።

ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል። ያ በረሃ ሰው ያከሳል ይላሉ፤ አንተ ድሮም ሥጋ አልነበረህም፣ ከምንህ ላይ ይቀንሳል ብዬ አልተጨነቅሁም። እኔ ደህና ነኝ። በቅሎዋም ደህና ናት። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል።

ደብዳቤህን ነጋዴው ጀማለዲን ከኮርቻው ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። «አያ ፈንታ፣ ደብተራው ያንብብልህ?» ቢለኝ «እኔ ዓይን የለኝም ወይ?» አልኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ እንጂ ራሴ ጨረስኩት። መልሱንም የምጽፈው ራሴ ነኝ። ዳዊት ሳልደግም ከየኔታ ቤት ኮብልዬ የወጣሁ ሰው ነኝና ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ አትሳቅብኝ። ለደብተራ ባስጽፈው ምስጢሩ ለቅዳሜ ገበያ ይደርሳል።

ስለ ላሞቹ ጠይቀኸኛል። ዘጠኙም ላሞች ደህና ናቸው፣ ወይፈኑም ደህና ነው። ላሞች ስል የተማሪ ቤቱን ጥሩምባዎች ማለቴ ነው፤ ወይፈኑ ከበሮው ነው። እንዳይምታታብህ ብዬ ነው የገለጥኩት። አሁን ሳስበው ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ነገር ግን ወረቀቱ አንድ ነው፣ አልቀደውም። ጀማለዲን ካልተያዘ እኔም አልያዝም።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው በሁለት በቅሎ ጭነህ ስታመጣቸው ያልከኝን አልረሳሁም። «አባዬ፣ ተማሪ ቤቱን ቢወስዱት ግድግዳ ነው። እነዚህ ካሉ እንደገና ይከፈታል። እንደተረከቡኝ ያስረክቡኛል?» አልከኝ። እኔም በእናትህ በየብርጓል መቃብር ማልሁልህ። እህል ጉድጓዴ ውስጥ ናቸው። ከላይ ገብስ አለ። ጣልያን ገብሱን ቢወስድም ከሥሩ ያለውን አያስብም።

ይቅርታ የምጠይቅህ ነገር አለኝ። ተማሪ ቤቱ በዓሉን ሲያከብር ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራኸኝ ለት፣ እኔ የመጣሁት ልስቅብህ ነበር። ሠላሳ ዓመት በቤተ መንግሥት እምቢልታ የነፋ ሰው የልጆች ጥሩምባ ሊሰማ ሲቀመጥ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ልጆቹ ሜዳውን እየዞሩ ሮጡ፤ ማን እያባረራቸው እንደሆነ ፈለግሁ፣ ማንም የለም። ከዚያ አንተ በግራ እጅህ ምልክት ሰጠህ፣ ቀኝህ ጥሩምባህን ይዟል፣ ዘጠኙም ባንድ ጊዜ ተነፉ። ልጄ፣ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ተንቀጠቀጠ። እውነቴን ነው፣ እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት። እንደዚያ ያለ ነገር ከሰው ሳንባ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰላም ሳልልህ የሄድኩት ተናድጄ አልነበረም፤ ዓይኔን እንዳታየው ነው። በኋላ ስትጠይቀኝ «ጩኸት ነው» አልኩህ። ዋሽቼሃለሁ። ይኸው ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ጽሕፈትህ ለምን ተለወጠ? ያንተ «ለ» እግሯ አጭር ነበረች። ይቺ ደግሞ የጸሐፊ «ለ» ናት።

አባትህ ፈንታ


ሚያዝያ ፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንዳላማው።

የጾሙ መያዣና መፍቻ በሰላም አለፈ። አንተስ በዚያ አገር ጾምን እንዴት ትቆጥራለህ?

ከተማሪዎችህ ማን እንደተረፈ ጠይቀኸኛል። ባለፈው ወር አንድ ረጅም ልጅ በሬን አንኳኳ። ሙሐመድሳኒ እባላለሁ፣ የጉንደ ወይን የአቡጀዲ ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ሦስት ዓመት በሩጫ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ አለኝ። ጧት ከጉንደ ወይን ተነሥቶ ለምሳ እኔ ቤት ደርሷል፤ ላቡን እንኳ አልጠረገም። «ማን አባረረህ?» አልኩት። «ማንም። መምህር እንዳላማው እግራችሁን ሩጫ እንዳታስረሱት ብለውናል» አለ። ሥጋችን ለየብቻ ነው፣ ቆሎው ግን የጋራ ነው፤ አብረን ቆረጠምን።

በሳምንቱ ተማሪዎችህን ዓባይንና አበረን ይዞ መጣ። አሁን ስድስት ናቸው። ከቤቴ በላይ ያለውን ዳገት ታውቀዋለህ፣ ፍየል የምታርፍበትን። እነዚህ ሳያርፉ ይወጡታል፣ ይወርዱታል፣ ደግሞ ይወጡታል። ሲጨርሱ በቁመት ልክ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ዓባይ ስም ይጠራል። ያልመጣውንም ይጠራዋል። የሞተውንም ይጠራዋል። ቤት የለ፣ ደወል የለ፣ አስተማሪ የለ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ቆቤን አወለቅሁ። ለጣልያን ሹም ያላወለቅሁትን።

ጥሩምባዎቹን በምን እንደጠቀለልኳቸው ጠይቀኸኛል። በአቡጀዲና በገለባ ነው። ሌላ ነገር የለም። አውጥተህ አናፍሳቸው ማለትህን አልወደድኩትም። ዕቃ መጠበቅ የምታስተምረኝ አንተ ነህ?

ስለ ጽሕፈትህ አልመለስክልኝም።

አባትህ ፈንታ


መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.
ገዳሪፍ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ፈንታ።

አባዬ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ ሁለት ጊዜ ዝም ያልኩት ስለናቅሁዎ አይደለም።

ይህን የሚጽፍልኝ አብሮኝ የተሰደደ የቋራ ልጅ ነው። ቀኝ እጄ ከክርኔ በታች የለም። ካቻምና ከአርበኞቹ ጋር ሳለሁ ተመታሁ፤ እዚህ ያለው ሐኪም ቆረጠው። ቁስሉ ደርቋል፣ አያመኝም። ሲበርድ ብቻ የሌሉት ጣቶቼ ይበርዳቸዋል።

የጥሩምባ ቁልፍ የሚጫነው በቀኝ እጅ ጣቶች ነው። ሳላሳያቸው እንዴት አስተምራቸዋለሁ? ስለዚህ አገሩ ነጻ ሲወጣ ጥሩምባዎቹን ለሚመጣው አስተማሪ ያስረክቡልኝ። ለልጆቹ ስለ እጄ አይንገሩብኝ። እኔ እዚህ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ ሥራ አላጣም።

አደራዎን ስለጠበቁልኝ እግርዎን እስማለሁ።

ልጅዎ እንዳላማው


ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ልጄ እንዳላማው።

ደብዳቤህን አነበብኩት። ከዚያ ማሳው ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። በሬዎቹ እንደተጠመዱ ቆመው ዋሉ። ሌላ አልጽፍም። ሕፃን ሳለህ ያቺ እጅህ የእናትህን ነጠላ ጫፍ ጨብጣ ነበር የምትተኛው፤ ይህን ብቻ እጽፋለሁ።

አንተ እጅህን ደብቀኸኛል። እኔም አንድ ነገር ደብቄሃለሁና እኩል እንሁን።

ጥሩምባዎቹን የቀበርኳቸው ለት ቅቤ ቀባኋቸው። እምቢልታ ሸምበቆው እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ይቀባል፤ አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ናስም የሚወደው መሰለኝ። አንድ ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ። በውጭ ብቻ አይደለም፣ በየቁልፋቸው ጉሮሮ አፈሰስኩበት። ለአንተ ብዬ ነው፣ እንዲያምርብህ ብዬ ነው።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ሙሐመድሳኒንና ዓባይን ጠርቼ ጉድጓዱን ከፈትን። የሸተተንን አልነግርህም። ቅቤው ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። አንዱ ቁልፍ እንደተጫነ ቀርቷል፣ አንዱ መንገድ ላይ ቆሟል፣ አንዱ ከነጭራሹ አይነቃነቅም። ፍል ውሃ አፈሰስን፣ አመድ አሸን፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ ከመላወስ በቀር የመጣ ነገር የለም። ዓባይ አንዱን ገልብጦ ሲያሸት ቆየና «አያ ፈንታ፣ ይኼ ለወጥ ነበር ወይ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዱላ እለው ነበር።

ሙሐመድሳኒ እያንዳንዱን አነሥቶ ነፋው። አንዱ ሁለት ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ሌላው ሦስት፣ ያም የራሱን። ጣት ቢጫን ባይጫን ለውጥ የለም። ልጁ ራሱን ይዞ መሬት ተቀመጠ።

«አለቀ» አለ።

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ዜማ ሊወጣው አይችልም። አንድ ጥሩምባ በሁለት ድምፅ ምን ያደርጋል?»

ልጄ፣ ከአፍረቴ ውስጥ ሳቅ መጣብኝ። ሠላሳ ዓመት ስነፋ የኖርኩትን ጠየቀኝ እኮ። እምቢልታ የምንነፋው እኔ፣ ሙላትና የሙላት ወንድም ሦስት ነበርን። የኔ እምቢልታ ሁለት ድምፅ አላት። ከሁለት በላይ አንድም ቀን ኖሮኝ አያውቅም። ሙላት የሱን ሲል እኔ ዝም እላለሁ፤ ወንድሙ ሲያቆም እኔ እገባለሁ፤ ደጅ የቆመ ሰው የሚሰማው አንድ ዜማ ነው። ለብቻዬ ብነፋ ከብት ከማስደንገጥ በቀር ጥቅም የለኝም። እነሱ ከሞቱ ወዲህ እምቢልታዬን ያልነካሁት ለዚህ ነው። ይህን ነገርኩትና «ዜማችሁን በአፍህ በለው» አልኩት።

የተማሪ ቤቱን የሰልፍ ዜማ በአፉ አለው። እኔም እንደ ቅርጫ በሬ ከፋፈልኩት። ይቺ ድምፅ ከየትኛው ጥሩምባ ትወጣለች? ከዚህ። ይቺስ? ከዚያ። መደብ መደቡን አወጣን። አንድ ሳምንት ፈጀ። እውነት እልሃለሁ፣ ከዜማው አንድም ሥጋ አልወደቀም። ዘጠኙ መካከል ሁሉም አለ።

እንደተረከብኩህ አላስረክብህም። የእናትህን መቃብር ሳስብ ፊቴ ይቃጠላል። ግን ሌላ አስተማሪ ይረከብ ያልከውን አልሰማሁህም። ጆሮዬ ከብዷል።

አባትህ ፈንታ


ሰኔ ፲፮ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለእንዳላማው።

ድምፁ እስከ ጣልያን ምሽግ አይሰማም ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ጥሩምባዎቹ ወደ ጉድጓዱ ተመልሰዋል፣ ያለ ቅቤ። ልጆቹ የሚለማመዱት በአፋቸው ነው። ስድስቱ ስምንት ሆነዋል። በሰልፍ ሆነው ያን ዳገት ይሮጣሉ፤ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ እግሩ መሬት ሲነካ የራሱን ድምፅ ይጥላል። የፊተኛው አለ፣ ሦስተኛው ተቀበለ፣ የኋለኛው መለሰ፤ ዜማው በስምንት ጉሮሮ እየዘለለ ዳገቱን ይወጣል። ትንፋሹ የሚያጥርበት የለም። ለካ ያን ሁሉ ሜዳ ያስዞርካቸው ለዚህ ነበር። እኔ ሩጫው ሌላ፣ ጥሩምባው ሌላ ይመስለኝ ነበር። በሰባ ዓመቴ ነው የገባኝ፤ ያንን ዳገት ሳያቸው አፌን ከፍቼ እቀራለሁ፣ ዝንብ ገብቶብኝ ያውቃል።

ባለፈው ለጣልያን ያደረ አንድ ባንዳ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«ሽማግሌ፣ እነዚህ ምን ሆነው ነው የሚጮሁት?»

«ዝንጀሮ እየጠበቁ ነው።»

«ዝንጀሮው የታለ?»

«ስለጮሁ ሄደ» አልኩት።

ቆሞ አሰበና ሄደ።

መጥፎም ወሬ አለ። አበረ ካረፈ አራት ወሩ ነው። ወደ አርበኞቹ ስንቅ ሲያደርስ ነው የገደሉት። ቀድሞ ያልጻፍኩልህ ያንተው ቁስል እስኪጠና ብዬ ነው። ዓባይ ዛሬም ስሙን ይጠራል። የአበረ እኅት ዘሪቱ ተዝካሩ ካለፈ በኋላ መጣች።

«የአበረን ድምፅ ማን ያዘው?» አለችኝ።

«ማንም።»

«እኔ እይዘዋለሁ። ቤት ሲለማመድ ስሰማው የኖርኩ ነኝ።»

«ሴት ጥሩምባ ስትነፋ ታይቶ አይታወቅም።»

«እርስዎስ ጥሩምባ ነፍተው ያውቃሉ?»

መንገዱን ለቀቅሁላት። ቀሚሷን ታጥቃ ዳገቱን ወጣች፤ ቦታው ሲደርስ የወንድሟን ድምፅ ጣለችው። ልጆቹ ሳያቆሙ ሮጡ፤ ፊታቸውን ወደኋላ አላዞሩም፤ ዓባይ ግን በክንዱ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

እኔ ጥርሴ ስላለቀ ከበሮውን ነው የያዝኩት። ዘጠነኛውን ጥሩምባ ማንም አልያዘውም። የሱ ድምፅ ዜማው ወደ ላይ ወጥቶ ሊመለስ ሲል ያለችው ናት። እዚያ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ሙሐመድሳኒ «እኔ ሁለቱን ልያዝ» አለኝ፤ አይሆንም አልኩት። ዘጠነኛውን ደግሞ በፍል ውሃ ቁልፉን ላላቅቅ አለ፤ ከሁሉ የባሰ የተጣበቀ እሱ ነው። እጁን መትቼ ከለከልኩት። «ለምን?» ቢለኝ «ስለከለከልኩህ» አልኩት።

ስለ እጅህ አልነገርኳቸውም። ንገራቸው ብትለኝ ግን ደስ ይለኛል።

አባትህ ፈንታ


ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ልጄ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ጣልያን ከጎጃም ወጥቷል። ይህን አንተም ሰምተሃል፤ እኔ የምነግርህ ያልሰማኸውን ነው።

ጉድጓዱን ከፍተን ጥሩምባዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግናቸው። ሦስት ቀን በእግር ተጉዘን ትናንት፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ተማሪ ቤቱ ደረስን። ጣልያን ዕቃ ቤት አድርጎት ኖሯል፤ ክፍሉ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። የሩጫውን ሜዳ ምሽግ ቆፍረውበታል። ሙሐመድሳኒ ዳር ላይ ቆሞ አየው። ከዚያ ጫማውን አወለቀና ምሽጉን እየዘለለ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረው። ማንም አላዘዘውም። ሲጨርስ ተመልሶ ሰልፉ ውስጥ ገባ።

ዓባይ ስም ጠራ። አበረን ሲጠራ ዘሪቱ «አለሁ» አለች። አንተንም ጠራህ።

ከዚያ ነፉ። ከዓመት በላይ በአፍ ብቻ ያሉትን ነው፤ በናስ ሲወጣ ምን እንደሚሆን እኔም አላወቅሁም ነበር። ከበሮዬን ሁለት ጊዜ መትቼ ሦስተኛውን ረሳሁት። ለእያንዳንዱ ቁራሽ ነው የሰጠሁት። እኔው ነኝ የቆራረስኩት፣ በዚህ እጄ። ከስምንቱ አፍ ሲወጣ ግን አንድ ሙሉ ነገር ሆኖ ከራሳችን በላይ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚው፣ ገበያ ውሎ ተመላሹ፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑ አጥሩን ሞላው። ልጄ፣ ትልቅ ማለት ብዙ ድምፅ ያለው ሰው ይመስለኝ ነበር። ያቺ ዘሪቱ ሁለት ድምፅ ይዛ እንደ ቤተ መንግሥት በር ቆማ ነበር።

ባዶዋ ቦታ ስትደርስ ዝም አሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮ ትንፋሹን ያዘ። ሲያልቅ አንዲት ባልቴት ከዘራዬን ያዘችና «ያቺ ዝም የምትሉባት ምንድን ናት?» አለችኝ። «ሰው አለባት። መንገድ ላይ ነው» አልኳት።

ሦስተኛ ጊዜ ለሌላ አስተማሪ ስጣቸው ብለህ ጽፈሃል። ሦስተኛ ጊዜ መልሴ ይኸው፣ በግልጥ። ዘጠነኛው ጥሩምባ አንድ ቁልፍ እንኳ አይነቃነቅለትም። ቀኝ እጅ ያለው ሰው ቢይዘው ለጣቶቹ ሥራ የለውም። አንድ ክንድና አንድ አፍ ነው የሚፈልገው። ያልፈታሁት ለዚህ ነው። በቅቤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ለማን እንደተበላሸ ግን ሳላውቅ ነው የቀባሁት። ልጆቹም አሁን ስለ እጅህ ያውቃሉ። ነገርኳቸው። ስላልፈቀድክልኝ ይቅርታ አልጠይቅም። ሙሐመድሳኒ «ምልክት የሚሰጡን ድሮም በግራቸው ነው» አለ።

እኔ እዚሁ ተማሪ ቤቱ በር ላይ ነኝ። በቅሎዋም አብራኝ አለች። ብትዘገይ የገብሱ መዝሪያ ያልፍብኛል፤ ግን አልሄድም።

አባትህ ፈንታ


ሰኔ ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.
ቡሬ

አባዬ፣

ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ በግራ እጄ። ጀማለዲን እዚህ አግኝቶኝ የወረቀቱን ጫፍ ሲያይ «የአያ ፈንታ ደብዳቤ ነው፣ ለማን ላድርስ?» አለኝ። ፊደሌ የእርስዎን መስሏል፤ «ለ» እግሯ ግን አጭር ናት፣ ይዩልኝ።

ቡሬ የደረስኩት ትናንት ነው። የዜማችንን ተራ ከገዳሪፍ ጀምሬ እየቆጠርኩ መጥቻለሁ። የሙሐመድሳኒን፣ የዓባይን፣ የዘሪቱን በልቤ አልፋቸዋለሁ። የኔ ቦታ ስትደርስ በአፌ እላታለሁ። ዳገት ላይ ሲሆን በጣም እጮኻለሁ። ዛሬ አንድ መንገደኛ ቆሞ «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ።

«ዝንጀሮ እየጠበቅሁ ነው» አልኩት።

ሦስት ቀን ቢበዛ አራት ነው። ቁልፉን ማንም እንዳይነካው።

ልጅዎ እንዳላማው